ሳልምል የገባሁበት ቤት

የባሌ ታላቅ ወንድም ወደ ጓሮዬ በመጣ ጊዜ ጌሾ እየቀነጠስሁ ነበር። ልጄን አዝያታለሁ። አጥሩን ተደግፎ ቆመና አሳለ። ይህ ሰው ነገር ሲኖረው ነው የሚያስለው፤ ነገር ከሌለው ጤነኛ ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታው ይቅርብኝ፣ አሁን ማን ያስገድደኛል!

"ያንቺና የወንድሜ ጋብቻ አይጸናም" አለኝ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"በሰማንያ ተጋብተናል ትላላችሁ። ለመሆኑ በማን ስም ማላችሁ?"

ጌሾው ከእጄ ወደቀ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቁርባን የካህን ነው፤ ሰማንያ ግን የቃል ነው። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው። ነገር አባት የሚባል ሽማግሌ መሐል ይቆማል። ወንዱ "ሚስቴ ናት፣ ንጉሥ ይሙት" ይላል። ሴቲቱም "ባሌ ነው፣ ንጉሥ ይሙት" ትላለች። በዙሪያው ያለው ሰው "ሰምተናል" ይላል፤ አለቀ። ንጉሥ ይሙት ያልተባለበት ነገር በኛ አገር ወሬ ነው እንጂ ውል አይደለም። እንዲያ ሳትምል ሰው ቤት የገባች ሴት ወይ ገረድ ናት ወይ ቅምጥ፤ ልጇም ዲቃላ ትባላለች።

እኛ የተጋባነው ግን በጣሊያን ጊዜ ነው። ንጉሡ ባሕር ማዶ ናቸው። እዚህ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሰንደቁን የተከለው ሌላ ነው። በገበያ መሐል አፉ ለምዶበት በንጉሥ የማለ ሰው ሲገረፍ ዐይተናል፤ ተወስዶ ያልተመለሰም አለ። ስለዚህ ያማቴ ልጅ ጥያቄ እንዲያው የጨዋታ ጥያቄ አልነበረም።

ባሌ ያን ጊዜ ጫካ ከገባ ከርሟል። ከብት ልመልስ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ፤ ለኔ እንኳ አልነገረኝም። በኋላ ነው ከአርበኞቹ ጋር መሆኑን ከሰው አፍ የሰማሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? አንዱ ጫካ ገባ፣ አንዱ የጣሊያን ሹም ደጅ ጠኚ ሆነ።

"ስሚ" አለኝ ደጅ ጠኚው፣ ድምፁን አለስልሶ። "ቅዳሜ የዱር ገቦቹ ሚስቶች ሁሉ ይጠራሉ። ሚስት የሆነችው በሽቦ ከታጠረው እስር ቤት ትገባለች፤ ቤቷም ይወረሳል። እኔ ግን ላንቺው ብዬ፣ ይህች ወንድሜ የቀጠራት ገረድ ናት እንጂ ሚስት አይደለችም እላለሁ። ትተርፊያለሽ። ልጅሽን አዝለሽ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ።"

"ቤቱስ?"

"ቤቱማ ያባታችን ቤት ነው፤ ለኔ ይመለሳል። ከሚወረስ አይሻልም?"

እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ማለት ይኸ ነው። ከቤቴ እስከ ሐይቁ ድረስ ያለው ቡናና ጌሾ ባሌ በእጁ የተከለው ነው። ይኸ ሰው ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያየው ነው የኖረው።

"ሚስት ነኝ ብልስ?" አልሁት።

ሳቀ። "በማን ስም ማልሽ ይሉሻል። በንጉሡ ካልሽ ያስማሉሽን ሽማግሌ ከነምስክሮቹ ታሰቅያለሽ። አልማልሁም ካልሽ ደግሞ ሚስት አይደለሽም። እስቲ ምረጪ!" አለና ሄደ። ሲሄድ አላሳለም።

ይኸን ጊዜ ነው ያንገበገበኝ። ከተንኮሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ እውነቱን እኔም አላውቀውም ነበር።

ሠርጌ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ፣ እናቴ ቤት ነበር የተሠረገ። ዳሱ ሞልቷል፤ ጨዋታው ደርቷል። ሽማግሌዎቹ ለመሐላው ሲነሡ ቀይ መቀነት የታጠቀ ባንዳ ሳይጠራ ገብቶ ካጠገባቸው ተቀመጠ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው። ሳይጠሩት የመጣን ጠመንጃ ማን ያስነሣል? ጠላ ቀዱለት። እኔ ነጠላ ተከናንቤ ሚዜ ከቦኛል፣ የማየው የራሴን እግር ብቻ ነው። ነገር አባታችን ሲናገሩ ሜዳ ያለ በሬ የሚደነብርላቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣም። ጉም ጉም የሚል ነገር ሰማሁ። ከዚያ "ሰምተናል" ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔን ግን ተናገሪ ያለኝ የለም። ከዚያ በፊት አግብቼ አላውቅ፣ እንዴት እንደሚደረግ በምን ልወቅ? እንዲህ ነው ብዬ ተሳፍሬ ሄድሁ።

ስለዚህ ቁንዝላ ልሄድ ተነሣሁ። ነገር አባታችንን አግኝቼ ሚስት መሆን አለመሆኔን ከአፋቸው መስማት ነበረብኝ፤ ያለዚያ ቅዳሜ ምን ብዬ እቆማለሁ?

በታንኳ የወሰደኝ ጎረቤታችን የሆነ ሙስሊም ነው፤ የባሌ እኩያ። ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭዶ አድርቆ ታንኳ ይጠፍራል፣ ሰውና ዕቃም ያሻግራል። ሠርጌ ዕለት ሚዜዎቹን ቁንዝላ ድረስ ያመጣቸው እሱ ነው። ከዳር ፈቀቅ እንዳልን ጠየቅሁት።

"ያን ቀን ምን ሰማህ? አስማሉን?"

"እኔ ታንኳዬን ስጠብቅ ነበር፤ ምን እሰማለሁ?" አለና መቅዘፊያውን ወደ ሌላው ጎን አዛወረ። "ግን አንቺ፣ እኛ ዘንድ ሴቲቱ ወደደች ወይ ሳይባል ኒካሕ አይታሰርም። አንቺን አልጠየቁሽም?"

"አልጠየቁኝም።"

"ታዲያ በምን ገባሽ?"

"በእግሬ!" አልሁት ተናድጄ። ሳቁን ዋጠ።

ዘጌን እያለፍን የጣሊያን ሞተር ጀልባ እያጓራ መጣብን። ማዕበሉ ታንኳዋን ሲያንገላታት ልጄ ጮኸች፤ እግሬን ውሃ ሞላው። አንዱ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ከጀልባው ጎንበስ ብሎ፣

"ወዴት ነው?" አለ።

"እናቷ ታመውባት ነው፣ ወደ ቁንዝላ" አለ ጎረቤቴ።

"የማን ሚስት ናት?"

እኔም ያንን ልጠይቅ አይደል የምሄድ! የባሌን ስም ብጠራ እዚያው ይወስዱኛል፤ የማንም አይደለሁም ብል ደግሞ ልጅ ያዘለች ሴት ማን ያምናታል? አስካሪው ዐይኑን አልነቀለብኝም።

"የኔ ናት" አለ ጎረቤቴ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

አንገቴ ላይ ያለው ማተብ ትዝ አለኝ። ክርስቲያን የሙስሊም ሚስት! ነጠላዬን ቀስ ብዬ እስከ አገጬ ሳብሁት፣ ልጅ የማባብል መስዬ። ያቺ ማተብ የጥቁር ክር ቁራጭ ናት፤ ያን ቀን ግን ገመድ ሆና አነቀችኝ። አስካሪው ሕፃኗ ስትንጨረጨር አየ፤ ተሰላቸና እጁን አወናጨፈልን። ጀልባው ሄደ።

ድምፁ እስኪጠፋ ቀዘፈ። በኋላ እኔው፣ "ያንዱን ባል ነገር ሳላውቅ ሁለተኛ አገባሁልህ" ስለው ታንኳው እስኪወዛወዝ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጥርሴ እየተፋጨ ነበር።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"እሰይ! እሰይ! አልማልሽም? ተመስገን! በይ እንግዲያ አልጸናም በያቸው። ምን አጠፋሁ ብለሽ ትታሰሪያለሽ?"

"እማዬ፣ ልጄስ? ዲቃላ ልትባል ነው?"

"ዲቃላ ተብሎ የሞተ የለም። ሽቦ ውስጥ ገብቶ የሞተ ግን አለ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ዝም ብለሽ እኔ ዘንድ ቅሪ።"

"እሱ ሲመለስስ?"

"ተመልሶ ባየሁት!" አለች እናቴ። ብላም ደነገጠች፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ልጄን አዝዬ ወደ ነገር አባታችን ቤት ወጣሁ።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ሳምሁ። ገና ሲያዩኝ ለምን እንደመጣሁ የገባቸው መሰለኝ፤ አጥር አጥሩን ያያሉ።

"አባባ" አልሁ፣ "እንዳይቆጡኝ። አስምለውናል ወይስ አላስማሉንም?"

ጭራቸውን አነሡ፣ ዝንብ ሳይኖር እሽ እሽ አሉ።

"አባባ!"

"ቀስ በይ፣ ቀስ። እሱን አስምዬዋለሁ" አሉ። "ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቼ በል አልሁት። ሚስቴ ናት፣ ንጉሥ ይሙት አለኝ። በሹክሹክታ ነው፤ ግን ብሏል።"

"እኔስ?"

"አንቺ ደግሞ… ነጠላ ለብሰሻል፣ ሚዜ ከቦሻል። በሹክሹክታ እንዴት አስምልሻለሁ? ያ ውሻ ዐይኑን ተክሎብናል። ዘለልሁሽ።"

"ዘለሉኝ?"

"ዘለልሁሽ፣ ልጄ።"

"እንደ ቦይ ዘለሉኝ?"

አንገታቸውን ደፉ። ትልቅ ሰው አንገት ሲደፋ ማየት ደግ አይደለም፤ ግን ንዴቴ አልበረደም።

"እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ሚስት ነኝ ወይስ አይደለሁም?"

"እሱ ምሏል፤ እሱ በቃሉ ታስሯል። አንቺ አልማልሽም፤ አንቺ ነጻ ነሽ።"

"እሱ ሚስት አለው፣ እኔ ባል የለኝም በሉኛ!"

"እንደዚያ ነው" አሉ።

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጋብቻ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያ ሰውዬ፣ እቤት ውስጥ ስሙኝ እንኳ ማለት የሚከብደው፣ ወጥ ሲጣፍጠው ዝም ብሎ ሁለተኛ የሚጎርስ፣ የባንዳው ጠመንጃ አፍንጫው ሥር ሆኖ "ሚስቴ ናት" ብሎልኝ ኖሯል። አንገቱን ነው የሰጠው። ሳይነግረኝ ጫካ ገባ ብዬ ስረግመው ነው የከረምሁት። ሽማግሌው ፊት አለቀስሁ።

"ቅዳሜ መጥተው ይኸን ይመስክሩልኝ" አልኋቸው።

"የንጉሡን ስም ከጠራሁ ይሰቅሉኛል፤ ካልጠራሁ ምስክርነት አይሆንም። ምን ልበል? ንገሪኛ!"

"ታዲያ ለምን ነገር አባት ሆኑ?"

ይኸን ማለት አልነበረብሽም ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሐይቁን ማየት ጀመሩ፤ እኔም ተነሥቼ ወጣሁ።

እናቴ እስከ ታንኳው ድረስ እየተከተለች ለመነችኝ። በኋላ ልመናው ወደ ስድብ ዞረ። "አንቺ ድንጋይ! ሕፃኗን እንኳ ተይልኝ!" አለችኝ። ትጠባለች አልኋት። ታንኳው ሲንቀሳቀስ ደንገሉ መሐል ቆማ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ እጇን አናቷ ላይ ጭና አየኋት።

ቅዳሜ ደረሰ። የተጠራነው ከወደቡ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ነው። የጣሊያኑ መኮንን በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጧል፤ ካጠገቡ ሹሙ፣ ከኋላው አስተርጓሚው። ዙሪያውን አስካሪ ነው። ገበያተኛው ሸክሙን አስቀምጦ ቆሟል። አንዳንዷን እያስነሡ ይጠይቃሉ። አንዷ ፈትቶኛል አለች። ሌላዋ ልጆቹን ከጉያዋ ሸጉጣ አላውቀውም አለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ያዘልኋት ነበረችኝ። ሌላዋ ምንም ሳትል ራሷ ተነሥታ ወደ ታሳሪዎቹ ሄደች፤ ማልቀስም መናገርም የታከታት ትመስል ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ያማቴ ልጅ ቀድሞኝ ተነሣ። አሳለ።

"ጌታዬ፣ ይህች ሴት የወንድሜ ሚስት አይደለችም። ገረዱ ናት። ሰማንያ አልገባም፤ መሐላ አልተማለም። ልጅቱም የገረድ ልጅ ናት። ልቀቋት፣ ወደ አገሯ ትሂድ።"

ሲናገር እንዴት ያለ አዛኝ ነው! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ሁለቱም ባንድ ቀን ሊደርሱብኝ ነው ብዬ አሰብሁ።

ሹሙ ወደኔ ዞረ። ይኸ ሰው ያገራችን ሰው ነው፤ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ከኔ የበለጠ ያውቀዋል።

"ሚስት ነሽ ገረድ?"

ዐይኔ ከሰዉ ኋላ አንድ ነገር አየ። እናቴ ናት፤ ካጠገቧ በትራቸውን ተደግፈው ነገር አባታችን ቆመዋል። በልመና ይሁን በስድብ እናቴ በታንኳ አምጥታቸዋለች። ሊመሰክሩልኝ ነው አልሁ። ሽማግሌውም አፋቸውን ከፈቱ። አንዱ አስካሪ ዘወር ሲልባቸው መልሰው ዘጉት። በትራቸውን ሁለት እጅ አድርገው ያዙት።

የልጄ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሞቀኛል፣ ተኝታለች። አሁን አይደለሁም ብል አዝያት ወደ እናቴ መሄድ እችላለሁ። እናቴም እየጸለየች ያለችው ይኸንኑ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

"ተናገሪ! ማለሻል?" አለ ሹሙ።

"አልማልሁም" አልሁ።

ያማቴ ልጅ ፈገግ አለ። እናቴ ዐይኗን ወደ ሰማይ አነሣች። እኔ ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የጎደለው ምን እንደነበረ ታየኝ። ሽማግሌው ቢናገሩስ ምን ይጨምሩልኝ ነበር? የሳቸው ቃል መቼ ጎደለ? የጎደለ የኔ ቃል ነው። እሱንም ከኔ በቀር ማንም ሊልልኝ አይችልም።

"እስከ ዛሬ አልማልሁም" አልሁ። "ያስማለኝም የለም። አሁን ግን እምላለሁ። ባሌ ነው፣ ንጉሥ ይሙት!"

የሹሙ ፊት አመድ ሆነ።

"ምን አልሽ?"

"ባሌ ነው። ንጉሥ ይሙት!" ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ድምፄ እስከ ታንኳዎቹ ድረስ ሄደ።

መኮንኑ አስተርጓሚውን ቀና ብሎ አየው። አስተርጓሚው ምራቁን ዋጠ፤ አጭር ነገር አለ። ምን ብሎ እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። መኮንኑ በጣቱ ወደ ታሳሪዎቹ አሳየኝ፤ ሁለት አስካሪዎች ክንዴን ያዙ።

ይኸን ጊዜ ነው ከኋላ ያ በሬ የሚያስደነብረው ድምፅ የተሰማ።

"ሰምተናል!"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ነገር አባታችን ናቸው። በትራቸውን መሬት እየመቱ "ሰምተናል! ሰምተናል!" ይላሉ። ከወዲያ አንድ ሰው "ሰምተናል" አለ። ከወዲህ የታንኳው ጎረቤቴ "ሰምተናል" አለ። አስካሪዎቹ ሽማግሌውን በሰደፍ መትተው ጣሏቸው፤ ነጭ ጢማቸው አቧራ ለበሰ። ግን ብለውታል። ካለፈ በኋላ ማን ይመልሰዋል? እናቴ "አንቺ እብድ! አንቺ እብድ!" እያለች ስትጮኽ፣ እየጎተቱኝ ሳለ ሠርጌ አሁን ገና አለቀ ብዬ አሰብሁ።

ስለ ሽቦው ብዙ አላወራም። ላስካሪው እህል እንፈጫለን፣ ጠባቂዎቹ በረባ ባልረባው ይማቱናል፣ ትኋን ይበላናል። ልጄ ወፍጮ ይዛ ነው መቆም የተማረች። አንዳንዶቻችን አልተረፍንም፤ እነሱን ሳስብ እኔ ምን ሆንሁና አወራለሁ እላለሁ። ሲመሽብኝ ግን አንድ የምይዘው ነበረኝ፤ እሱ ምሎልኛል፣ እኔም ምዬለታለሁ። በዚያ ነው የከረምሁት።

ጣሊያን ሲወጣ ቤቴ ገባሁ። አስካሪ ሲኖርበት ከርሟል፤ ቡናዬን ቆርጠው አንድደውታል፣ ግድግዳው ጥላሸት ነው። ያማቴ ልጅ ግን ያችን መሬት አላገኛትም። ያችን መሐላ ሰዉ ሁሉ ሰምቷታልና ሚስት አይደለችም የሚል አፍ አልነበረውም። እንዲያውም "እኔኮ የአርበኛ ወንድም ነኝ" እያለ ገበያ መሐል በንጉሥ መማል ጀመረ። ጉሮሮውም ድኗል፣ ሳል የሚባል ነገር የለበትም። ነገር አባታችን ያን ዓመት አርፈው ነበር፤ አፈር ይቅለላቸው።

ከሁሉ በኋላ ባሌ መጣ። ጭራሮ ታቅፌ ከጓሮ ስገባ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጎፈሬው ጆሮውን ሸፍኖታል፣ እግሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። ጭራሮው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ገባች።

"እማ፣ ማነው?"

"አባትሽ" አልኋት። ሳምሁት፣ እንደገና ሳምሁት፣ ደረቱን መታሁት። ደጁ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። በኋላ ሁሉንም ነገርሁት። ወንድሙ ያለኝን፣ ሽማግሌው ያሉኝን፣ ከዋርካው ሥር ያልሁትን።

"አንተ የባንዳው ጠመንጃ እያየህ በሽማግሌው ጆሮ ስትምልልኝ" አልሁት፣ "እኔ ብክድህ ምን ሰው እባላለሁ?"

"በማን ጆሮ?" አለ።

"በነገር አባታችን ነዋ። ሚስቴ ናት፣ ንጉሥ ይሙት ያልኸው።"

ግንባሩን አኮማተረ። "እኔ? እኔ መች ማልሁ? ሽማግሌው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ እኔንም አይተው ዐይናቸውን ጨፈን አደረጉ። መሐላውን ዘለሉት እኮ! ባንዳው አጠገባችን ነበረ። እኔም ዝም አልሁ።"

መጀመሪያ ያልሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። ሽማግሌው ዋሽተውኛል። አፍረው ይሁን፣ አዝነውልኝ ይሁን፣ ከመቃብር አውጥቼ አልጠይቃቸው። ለካ ያን ሁሉ ዘመን፣ ሽቦው ውስጥ፣ ወፍጮው ላይ፣ ያገባሁት እኔ ብቻዬን ነኝ!

እንባዬ ደረቀ። ብድግ አልሁና ገብቼ በሩ መሐል ቆምሁ።

"ውጭ ቁም" አልሁት።

"ምን?"

"ውጭ ቁም። ያልማለ ሰው እዚህ ቤት አይገባም። እኔ ምዬ ነው የገባሁ።"

ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳውን አስደገፈው። ከአጥሩ ማዶ ወንድሙ አንገቱን አስግጎ ያየናል። ባሌ ወደሱ አየ፣ ወደኔ ተመለሰ።

"በንጉሥ አልምልም" አለ።

"ለምን?"

"ያን ጊዜ ነበር መማል የነበረብኝ። አሁንማ ወንድሜም ይምልበታል።"

እውነቱን ነው፤ ያ ስም የኔን ቆዳ ያስከፈለ ስም ነው፤ አሁን ግን ገበያተኛው ሁሉ በነጻ ይጠራዋል። እንዲህ ያለ መሐላ ምን ያደርግልኛል? ባሌ አንድ እርምጃ ቀረበ። እጁን ዘርግቶ ነጠላዬን ያዘ፣ በሠርጌ ቀን የተከናነብሁትን ያህል ጎትቶ አናቴ ላይ አደረገው።

"አንቺ ትሙቺ" አለኝ። "አንቺ ትሙቺ፣ ሚስቴ ነሽ።"

በሩን ለቀቅሁለት።

"ሰምቻለሁ፤ ግባ" አልሁት። "እግርህን ግን ለዛሬ ራስህ ታጠብ።"